ያልታየውን ማከም

የአባዬ ፒኤስኤ፣ ማለትም የፕሮስቴት ካንሰሩን የሚከታተሉበት የደም ምርመራ ቁጥር፣ 0.4 ገባ። ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ስለዚህ ይሄ ቁጥር ከዜሮ ፈቀቅ ማለት አልነበረበትም። 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ሐኪሞቹ ካንሰሩ ተመልሷል ይላሉ። የት ነው ያለው ሲባል ግን ቁጥሩ መልስ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለም።

እኛ የፈለግነው በፒኤስኤምኤ የሚሠራውን ፔት ስካን ነበር፤ ጨረር ያለው መድኃኒት ይወጋና የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች ላይ ተጣብቆ በምስሉ ላይ ይታያል። ኢንሹራንሱ ግን መጀመሪያ ሲቲና የአጥንት ስካን ይነሳ አለ። ተነሳ። ሁለቱም ንጹሕ። ዶክተሩ ምንም አልገረመውም። ሲቲ የሚያየው መጠንን ነው፤ ንፍፊቱ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ካላበጠ ጤነኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። የአጥንት ስካኑ ደግሞ የሚያሳየው ካንሰሩን ራሱን ሳይሆን አጥንቱ ሲነካ የሚሰጠውን ምላሽ ነው። በ0.4 ፒኤስኤ ሁለቱም የሚያገኙት ነገር እምብዛም ነው። ይሄ እየታወቀ ለምን አንከራተቱን? የባከነው ጊዜ ያንገበግበኛል።

ፈቃዱን ስንጠብቅ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ። በ2012 አሜሪካ ውስጥ ኮሊን የሚባለው የፔት ስካን መድኃኒት ተፈቀደ። ጨረሩ በየ20 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ እዚያው የሚያመርት ሆስፒታል ካልሆነ አይሞከርም። በ2016 አክሱሚን የሚባል ሌላ መጣ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ጋሊየም በሚባል ጨረር በሚሰጥ ንጥረ ነገር የሚሠራው ፒኤስኤምኤ ተፈቀደ፣ ያውም መጀመሪያ ለሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ 50 ወንዶችን በአክሱሚንም በፒኤስኤምኤም አንስተው አወዳድረዋል። ፒኤስኤያቸው ከ0.2 እስከ 2 የሆነ፣ ልክ እንደ አባዬ ያሉ ሰዎች ናቸው። አክሱሚን 26 በመቶው ላይ ካንሰሩን አገኘ፤ ፒኤስኤምኤ 56 በመቶው ላይ። ፕሮስቴቱ በነበረበት ቦታ ላይ ግን አዲሱ ብልጫ አላሳየም። ፒኤስኤምኤ በሽንት ስለሚወጣ ፊኛው እንደ ፀሐይ ይንቦገቦግና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ነገር ይውጣታል። እዚያች ቦታ ላይ ኤምአርአይን ባምን ይሻለኛል።

የፔት ስካኑ ቀን አባዬ ቡናውን እንኳ ሳይቀምስ መጣ። ለዚህኛው ጾም አያስፈልግም ነበር። ወጉት፣ አንድ ሰዓት ያህል አስቀመጡት፣ ሽንቱን ሸንቶ ገባ።

ውጤቱን ስንሰማ ዶክተሩ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። ግራጫ የሰው ቅርጽ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገሮች። አባዬ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። ከጆሮው ሥር ግራና ቀኝ የጠቆረውን ሲያይ ደነገጠ። የምራቅ እጢ ነው። ከዓይኑ በላይ ያሉት ትንንሾቹ የእንባ እጢ። ከዚያ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ትንሹ አንጀት፣ ፊኛ። ሁሉም መድኃኒቱን በተፈጥሯቸው የሚይዙ ናቸው። ከነሱ ውጪ ምንም የለም።

«ታዲያ የለማ!» አለ አባዬ፣ ፊቱ በርቶ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በ2019 የወጣ፣ 635 ሰዎች የተካፈሉበት የካሊፎርኒያ ጥናት አለ። ፒኤስኤያቸው ከ0.5 በታች ከሆኑት መካከል ፒኤስኤምኤ ያገኘው 38 በመቶው ላይ ብቻ ነው። 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን 97 በመቶ ደርሷል። እንግዲያው ቁጥሩ እስኪያድግ ብንጠብቅ ይታየን ነበር። የጨረር ሕክምና ግን የተሻለ የሚሠራው ቁጥሩ ሳያድግ፣ ከተቻለ 0.5 ሳያልፍ ሲጀመር ነው። ለማየት የሚመቸው ጊዜና ለማከም የሚመቸው ጊዜ አይገጥሙም። እኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ስካኑ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። አትላንታ ውስጥ ጨረሩን በአክሱሚን ምስል እየተመሩ የሰጧቸው ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ 75.5 በመቶው በሽታው አልተነሳባቸውም፤ በተለመደው ምርመራ ብቻ ከታከሙት 63 በመቶው። የአባዬም ምስል ሌላ ቦታ ላይ የሸሸ ነገር አለማሳየቱ ደህና ምልክት ነው። ባዶ ምስል ግን ጨረሩን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም፤ ዶክተሩም ያለው ይሄንኑ ነው።

«ያላዩትን ነገር ምኑን ነው የሚያቃጥሉት?» አለ አባዬ መኪና ውስጥ።

«አንተ ደግሞ ቶማስ ሆንክ» አለችው እማዬ ከኋላ።

የሚያቃጥሉት ፕሮስቴቱ የነበረበትን ቦታ ነው። የተረፈ ካለ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ። አባዬ ሁለት ቀን አኮረፈና ተስማማ። እኔ ብሆንም እስማማ ነበር፣ ያውም ሳላኮርፍ።

አሁን የቀረን ጣጣ ሌላ ነው። ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሳምንታት ነው። በየቀኑ ውሃ ጠጥቶ ፊኛውን ሞልቶ ነው የሚገባው፤ ፍልሰታ ደግሞ ሊገባ ነው። አባዬ የንስሐ አባቱን ሊያስፈቅድ ደውሏል። ከኢንሹራንሱ ይቀላል መቼም።