የናጋሳኪ ስለቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት አለብኝ። «ይህን ፍርሃት ካራቅሽልኝ ያደረግሽልኝን በአደባባይ እመሰክራለሁ፤ የናጋሳኪንም ሰዎች ነገር በአገሬ ቋንቋ እናገራለሁ» ብዬ እመቤታችንን የተሳልኩት ጃፓን፣ ናጋሳኪ ከተማ ነው። ስለቱ ሰምሯል፤ ዕዳዬን ልክፈል።

ወደ ናጋሳኪ የሄድኩት የሕብረተሰብ ጤና ልማር ነው። ከዚያ በፊት፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከሰማይ የወረደ ነገር ሰፈራችን ላይ ወድቆ ጎረቤታችንን ከነልጇ አሳጥቶናል። ዝርዝሩን አላወራም። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲያልፍ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ በር በኃይል ሲዘጋ እደነብራለሁ፣ ሌሊቱ አይነጋልኝም። ጠበል ተጠምቄአለሁ፤ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። ሁለቱም ረድተውኛል፤ አልክድም። ፍርሃቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም ነበር።

ናጋሳኪ ደግሞ በየዓመቱ ነሐሴ 3 ቀን፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ፣ ከተማው በሙሉ ሳይረን ይነፋል። አሜሪካ የጣለችባት የአቶሚክ ቦምብ የፈነዳበት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ሙታንን ያስባል። መጀመሪያ የገጠመኝ ጊዜ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ፤ ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ። ከዓለም ከተሞች ሁሉ ይህች ለምን ደረሰችኝ ብዬ አምላኬን አማርሬዋለሁ።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ኡራካሚ ማንበብ የጀመርኩት። ኡራካሚ በስተሰሜን ያለ ሰፈር ነው። ሕዝቡ ክርስትና በአዋጅ በተከለከለበት ዘመን፣ ከ200 ዓመት በላይ፣ ያለ ካህን ሃይማኖቱን በስውር ጠብቆ የኖረ ነው። ሹማምንቱ የጌታንና የእመቤታችንን ምስል መሬት ላይ አስቀምጠው «ርገጥ» እያሉ ይፈትኗቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 ራሳቸውን ቢገልጡ ጥቂት ቆይቶ ከ3,000 የሚበልጡት ተግዘው በየአገሩ ተበተኑ። ከግዞት የተመለሱት ድሆች ካቴድራል ጀመሩ፤ ከነደወል ማማዎቹ ለመፈጸም 30 ዓመት ፈጀባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 አለቀ። ሃያ ዓመት ቆመ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1945 ቦምቡን የጫነው አውሮፕላን ያሰበው ኮኩራ የምትባለውን ከተማ ነበር። ደመናና ጭስ ሸፈኗት፤ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ቦምቡ የፈነዳው ከካቴድራሉ 500 ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከሰፈሩ 12,000 ካቶሊኮች 8,500 ያህሉ አለቁ። በዚያች ሰዓት ካቴድራሉ ውስጥ ምእመናን ለእመቤታችን ዕርገት በዓል ሊዘጋጁ ንስሐ ይገቡ ነበር፤ ካህናቱም ተናዛዦቹም አብረው አለፉ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ነሐሴ 3 ቀን 1937 ሆነ። ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በባዕታ! አያቶቼ እዚህ ሱባኤ ይዘው፣ እነዚያም እዚያ የእሷኑ በዓል ሲጠብቁ። ከዚያ በኋላ ናጋሳኪ የባዕድ አገር መሆኗ ቀረብኝ።

በአቅራቢያዬ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ ቅዳሴውን የምከታተለው በስልክ ነበር። ወደ ኡራካሚ መሄድ ግን ጀመርኩ። «የኦርቶዶክስ ልጅ ካቶሊክ ቤት ምን ትሠራለች?» የሚለኝ አይጠፋም። አልቆረብኩም፤ ለሙታን ልጸልይ ነው የገባሁት። እዚያ ከፍርስራሹ የወጣች፣ ከእንጨት የተቀረጸች የእመቤታችን ራስ አለች። ዓይኖቿ ተቃጥለው ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። እኛ ዘንድ የሚከበረው ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል አይደለም፤ ያም ሆኖ ተንበርክኬ የተሳልኩት እሷ ፊት ነው።

መልሱ በሕልምም በራእይም አልመጣም። በአንዲት አሮጊት በኩል መጣ። በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። ቦምቡ ሲወድቅ ሕፃን ነበሩ፤ በመካከል የነበረው የኮንፒራ ተራራ ነው ያተረፋቸው። ካደጉም በኋላ ከጥቃቱ መትረፋቸውን ለአማቶቻቸው እንኳ ደብቀው ኖረዋል። ያን ጊዜ ከተረፉት ጋር መጋባት ይፈራ ነበር፤ የሚወለደው ልጅ ይታመማል እየተባለ። መመስከር የጀመሩት ካረጁ በኋላ ነው፤ ለተማሪዎች፣ ለእንግዶች፣ ለሚሰማቸው ሁሉ።

አንድ ቀን በአስተርጓሚ የራሴን ነገር ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም። «የጎረቤትሽ ልጅ ስም ማን ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያን ስም ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ነገርኳቸው፤ በጃፓን ፊደል ጻፉትና እንደምንም አስተካክለው ጠሩት። እንባዬ ወረደ፤ የፍርሃት ግን አልነበረም። ሥቃዩን ብድር ለመመለስ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ሲያወሩት ያየሁት ከእሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ናጋሳኪ ባቡር ጣቢያ ፊት ከሚቆሙት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር መቆም ጀመርኩ። ልጆቹ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የኑክሌር መሣሪያ ይወገድ እያሉ ፊርማ ሰብስበው ለተባበሩት መንግሥታት ያደርሳሉ። መፈክራቸው «አቅማችን ትንሽ ነው እንጂ አቅመ ቢስ አይደለንም» የሚል ነው። እኔ በፊደላችን ስፈርም አይተው ስማችንን ጻፊልን ብለው ከበቡኝ፤ ፊርማው ለጊዜው ተረሳ።

ነሐሴ 3 ቀን 2017፣ ልክ በ80ኛው ዓመት፣ ወደ ኡራካሚ ሄድኩ። ጠዋት ዝናቡ ይወርድ ነበር፤ ሰዓቱ ሊደርስ ሲል አባራ። ካቴድራሉ ከነበሩት ሁለት ደወሎች አንዱ ከፍርስራሹ በደኅና ወጥቶ ነበር፤ የሌላው ማማ ግን ባዶውን ኖሯል። በዚያን ቀን አሜሪካውያን ካቶሊኮች ያዋጡት አዲስ ደወል ከአሮጌው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ ተደወለ። መዋጮውን ያስተባበሩት ፕሮፌሰር ጄምስ ኖላን አያታቸው ቦምቡ በተሠራበት የማንሃተን ፕሮጀክት ሐኪም ነበሩ። ቅዳሜ ነበርና የቀዳሚትን ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ቆሜያለሁ። ሳይረኑ ጮኸ። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ ጉልበቴ ግን አልከዳኝም። ያን ሌሊት ተኛሁ፤ በማግስቱም። ዛሬ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብዬ አያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለቴ ግማሹ ገና ነው። የኑክሌር መሣሪያን የሚከለክለው ስምምነት እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2017 በ122 አገሮች ድምፅ ጸድቆ ከጃንዋሪ 22 ቀን 2021 ጀምሮ ይሠራል፤ መሣሪያው ካላቸው ዘጠኝ አገሮች ግን አንድም አልገባበትም። ጃፓንም ራሷ አልፈረመችም፤ እማማን ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ይህ ነው። የተራፊዎቹ ማኅበር ኒሆን ሂዳንክዮ እ.ኤ.አ. የ2024ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኝ ደስ አላቸው፤ ግን ከተራፊዎቹ በሕይወት ያሉት ከ100,000 በታች ወርደዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸውም ከ86 ዓመት በላይ ነው።

የእኛም አገር እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ሲያውጅ፣ ሐሳቡን ካቀረቡት ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። በጣሊያን ወረራ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን የወረደበት ሕዝብ ነውና አይገርመኝም። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «ታዲያ አንቺ ዘግይተሽ ነዋ የመጣሽው!» ብለው ሳቁብኝ።

ወገኖቼ፣ ፍልሰታን ስትጾሙ በሦስተኛው ቀን የኡራካሚን ሙታን አስቡልኝ። ለእማማም ዕድሜ ለምኑላቸው፤ የሚነግሯቸው ተማሪዎች ገና ብዙ ናቸው። እኔም ወለተ ማርያም ነኝ፤ በጸሎታችሁ አትርሱኝ።