ያቺ የሁለት ሰከንድ መስመር

ኢንተርንሺፕ ስወጣ የጠበቅኩት ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ ልውል ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሌላ ሰው የጻፈውን በማንበብ ነው። ግቢ ውስጥ ፕሮጀክት ከባዶ ፋይል ይጀመራል፣ ይቀርባል፣ ውጤት ይያዝለታል፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እዚህ ያገኘሁት ኮድ ግን እኔ ከመምጣቴ ዓመታት በፊት የነበረ፣ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ሥራ የለቀቁ፣ ደንበኞች አሁን በዚህች ደቂቃ እየተጠቀሙበት ያለ ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ የምለው የለም። የይለፍ ቃል መጠበቅ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ፕሮጀክቱ ላፕቶፔ ላይ እስኪነሳ መታገል። ጠዋት ጠዋት ስታንድአፕ በሚባለው አጭር የቡድን ስብሰባ ላይ "አሁንም እያስተካከልኩ ነው" እያሉ መቆም ደስ አይልም፤ ግን ሁሉም ያለፈበት ነው መሰለኝ፣ ማንም ቁብ አልሰጠውም።

ማስታወስ የምፈልገው የመጀመሪያዋን እውነተኛ ሥራዬን ነው። ደንበኞች መረጃቸውን አስተካክለው "አስቀምጥ" ሲሉ ገጹ ይዘገያል የሚል ቅሬታ ነበር። ኮዱን ተከትዬ ስገባ ምክንያቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፦ መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮግራሙ ሁለት ሰከንድ ዝም ብሎ እንዲቆም የምታዝ አንዲት መስመር። ኮሜንት የላትም፣ ማብራሪያ የላትም። አውጥቼ ብሞክረው ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹት ቴስቶችም አንድ ሳይቀር አለፉ። የኤአይ ረዳቱን ስጠይቀው እንዲህ ዓይነት መስመር መጥፎ ልማድ መሆኑን በሚያምር አነጋገር አስረድቶ "ሰርዘው" አለኝ። በጥቅሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ የጠየቅኩት ስለ ጥቅሉ አለመሆኑ ነው።

የተመደበችልኝን ሲኒየር ኢንጂነር ጠርቼ አሳየኋት።

"ለምን እንደተጻፈች ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እሱን እወቅና ትሰርዛታለህ።"

ጊትን፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን መሣሪያ፣ በቅጡ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የፈጠረው ለሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ሥራ፣ በዓለም ዙሪያ ተበታትነው አንድ ኮድ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እኛ ግን ግቢ ውስጥ የምንጠቀምበት እንደ ፍላሽ ዲስክ ነበር፤ ሁሉንም ጠቅጥቀን "ፋይናል"፣ ቀጥሎ "የመጨረሻው ፋይናል" ብለን እንልካለን። ጊት ብሌም የሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱን መስመር በመጨረሻ የነካው ማን እንደሆነና በየትኛው ኮሚት (ከአጭር መልእክት ጋር በተመዘገበ ለውጥ) እንደሆነ ያሳያል። መጀመሪያ ያወጣልኝ ሰው ምንም የማያውቅ ሆነ፤ የፋይሉን አሰላለፍ ያስተካከለ ብቻ ነው፣ ስሙ ግን ሁሉም መስመር ላይ ተለጥፏል። ከእሱ ኮሚት ወደ ኋላ አልፌ ዋናውን አገኘሁት። መልእክቱ "ጊዜያዊ ማስተካከያ" ይላል። ጊዜያዊው ዓመታት ቆይቷል። ደግነቱ አጠገቡ የአንድ የቆየ ቅሬታ ቁጥር ነበር። ቅሬታውን ስከፍተው፦ "መረጃዬን ቀይሬ አስቀመጥኩ፣ ገጹ ግን የድሮውን ያሳየኛል።"

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም ደንበኞች በሚጠቀሙበት ሲስተም ላይ፣ ያለው ዳታቤዝ አንድ አይደለም። መጻፍ የሚካሄደው ዋናው ላይ ነው፤ ንባቡ ግን ጫና እንዲቀንስ ከቅጂዎቹ ነው የሚመጣው። ለውጡ ከዋናው ወደ ቅጂው እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ደንበኛው አስቀምጦ ወዲያው ካነበበ ለውጡ ገና ያልደረሰበትን ቅጂ ያያል። ሁለቷ ሰከንድ የተጨመረችው ቅጂው እስኪደርስ ለመጠበቅ ነው። የኔ ላፕቶፕና ቴስቶቹ የሚሠሩት በአንድ ዳታቤዝ ስለሆነ ይህ ችግር እዚያ ጭራሽ ሊታይ አይችልም። የሚገርመው ደግሞ መስመሯ አስተማማኝም አልነበረችም፤ ሥራ ሲበዛ ቅጂው ከሁለት ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ሲፈጥን በከንቱ ታስጠብቃለች፣ ሲዘገይ አታድንም።

መፍትሔው አጭር ነበር፦ ደንበኛው ካስቀመጠ በኋላ የምትመጣዋ ገጽ ከዋናው ዳታቤዝ እንድታነብ ማድረግ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ሌሎች እንዲያዩት የሚቀርብበት ጥያቄ) ላይ የተሰጠው አስተያየት ግን ከኮዱ ይረዝም ነበር። አንዱ "ዋናው ላይ ጫና አይበዛም ወይ?" ብሎ ጠየቀ፤ ልክ ነበር፣ ስለዚህ አሁን ላስቀመጠው ሰውና ለዚያች አንዲት ገጽ ብቻ አደረግነው። ሌላው የቫሪያብሉን ስም ሁለት ጊዜ አስቀየረኝ። መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር። ከዚያ የሲኒየሯን ፑል ሪኩዌስት ከፍቼ ሳይ እሷንም በስም ያከራክሯታል፤ ማንም ውጤት እየሰጠኝ እንዳልሆነ ገባኝ።

የኮሚቱን መልእክት ስጽፍ ከኮዱ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ቅሬታውን፣ ቅጂዎቹን፣ መስመሯ ለምን እንደነበረችና ለምን እንደወጣች ሁሉንም አሰፈርኩ። አንድ ቀን ሌላ ተለማማጅ ብሌም ብሎ እኔ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እኔ እዚህ የለሁም።

ጓደኞቼ ኢንተርንሺፕን የሚመዝኑት በተጻፈ ኮድ ብዛት ነው። አንዱ ሙሉ ድረ ገጽ ብቻውን ሠርቷል፤ ከሱ በኋላ ማንም የማይከፍተው፣ ለተለማማጅ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ። በዚህ ብዙ ተጨቃጭቀናል። እኔ አንዲት ትንሽ ግን ሰው የሚጠቀምባትን ነገር እመርጣለሁ።

ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ቡድኑን "ኮሚት ላይ ምክንያቱን እንጻፍ" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ሥራ አታብዛብን" አሉኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ጊዜያዊ" ብሎ የሚልክ ሰው እስከ መቼ እንደሆነም አብሮ ይጻፍ።