ሽጉጥ ይዞ ፖቶማክን መሻገር

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ከተማ ናቸው። ጠዋት ከቨርጂኒያ ተነስቶ፣ ዲሲ ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ሜሪላንድ ለቅሶ ይደርሳል። በሽጉጥ ጉዳይ ግን ሦስቱም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ሽጉጥ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ በተሻገረ በደቂቃዎች ውስጥ የወንጀል ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ ነገሩ በመቀጮና በእስር አያበቃም። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ማንኛውንም የጦር መሣሪያ ሕግ ጥሶ በመግዛት፣ በመያዝ ወይም በመሸከም ጥፋተኛ የተባለን የውጭ ዜጋ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት አድርጎ አስቀምጦታል። ግሪን ካርድ መያዝ ብቻውን አያድንም። ክሱ ቀላል ወንጀል መባሉም አያድንም። ለዚህ ነው አሜሪካዊው ጎረቤት «ምንም አይደለም፣ እኔም እይዛለሁ» ቢል ለእኛ ምክር የማይሆነው። እሱ ቢሳሳት የሚያጣው ሌላ ነው፣ እኛ የምናጣው ሌላ።

መጀመሪያ ማን መያዝ እንደሚችል ይታወቅ። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ ይችላል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ በፌዴራል ሕግ አይከለከልም፤ የሚኖርበት ግዛት ግን ተጨማሪ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት አለበት። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው፣ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የተከለከለ ነው። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰውም እንዲሁ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው «የሥራ ፈቃድ አለኝ» ብሎ ወደ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ እንዳይሄድ፤ የሥራ ፈቃድ ማለት መሣሪያ የመያዝ መብት ማለት አይደለም። ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስር ይደርሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ «መያዝ» ማለት ባለቤት መሆን ብቻ እንዳልሆነ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተኩስ መለማመጃ ሄዶ በኪራይ ሽጉጥ ቢተኩስ ያው መያዝ ነው፤ ጥይትም ብቻውን በክልከላው ውስጥ አለ።

ገዥው ሱቅ ውስጥ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 ይባላል። ዜግነት ይጠይቃል፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው የኢሚግሬሽን ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዚያ ስሙ በኤፍቢአይ የማጣሪያ ሥርዓት ያልፋል። ሦስት ጥያቄዎች ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

አንደኛው የቤት ውስጥ ጥቃትን ይመለከታል። በትዳር ጠብ ፖሊስ ተጠርቶ በቀላል ወንጀል የተፈረደ ሰው ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ ተከልክሏል። ፍርድ ቤት በሚመለከተው ችሎት የሰጠው የጥበቃ ትእዛዝም በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ይከለክላል። ሁለተኛው የዕፅ ጥያቄ ነው። ቅጹ ራሱ ማሪዋና በግዛቱ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑን ያስጠነቅቃል። ስለ ጫት ግን የሚያስታውስ ሰው የለም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ንጥረ ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም ሰው «ዕፅ አልጠቀምም» ብሎ ሲፈርም ሐሰተኛ ቃል ሰጠ ሊባል ይችላል።

ሦስተኛው «ትክክለኛው ገዥ እርስዎ ነዎት?» የሚለው ነው። ለወንድም፣ ለአጎት ልጅ ወይም ለሥራ ባልደረባ ገንዘብ ተቀብሎ በራስ ስም መግዛት ወንጀል ነው። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው ጉዳይ ከዚሁ ከቨርጂኒያ የተነሳ ነው፦ የቀድሞ ፖሊስ የሆነ ሰው ፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ገዛ። ሁለቱም መሣሪያ መያዝ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ግን ጥፋተኝነቱን አጸናው። «ለእኔ ግዛልኝ፣ አንተ ቅናሽ ታገኛለህ» የሚል ዘመድ ሲመጣ ቁርጥ ያለ እንቢታ ያስፈልጋል።

አድራሻም ያሰናክላል። ሽጉጥ ከሱቅ የሚገዛው በሚኖሩበት ግዛት ነው። ወደ ሜሪላንድ ተዛውሮ መንጃ ፈቃዱን ያልቀየረ ሰው በቨርጂኒያ መታወቂያው ሽጉጥ ልግዛ ቢል አድራሻውን ዋሽቶ እየፈረመ ነው።

ወደ ሦስቱ አካባቢዎች ሕግ ስንመጣ፣ ቨርጂኒያ የላላች ናት፤ ለተራ ሽጉጥ ምዝገባ አትጠይቅም፣ ደብቆ ለመያዝ ግን ከወረዳው ፍርድ ቤት ፈቃድ ይወጣል። ሜሪላንድ ሽጉጥ ከመግዛት በፊት የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፦ ዕድሜ 21፣ የጣት አሻራ፣ የ4 ሰዓት ሥልጠና፤ ከዚያ ሽጉጡን ለመረከብ 7 ቀን መጠበቅ። ይህ ለመግዛት ብቻ ነው። ይዞ ለመንቀሳቀስ ሌላ ፈቃድ አለ። ዲሲ ደግሞ ማንኛውም መሣሪያ በከተማው ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች፤ የተመዘገበ መሣሪያ ለሌለው ሰው ኪሱ ውስጥ የተገኘች አንዲት ጥይት እንኳ ለብቻዋ ክስ ታመጣለች። ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን የመሸከም ፈቃድ አይቀበሉም። ሕጎቹም ይቀያየራሉ፤ የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች በአብዛኛው ጁላይ 1፣ የሜሪላንድ ኦክቶበር 1 ስለሚጀምሩ የአምናን ምክር ይዞ መሄድ አደጋ አለው።

መኪና ውስጥ የሚሆነውን በደንብ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ነው። በግዛቶች መካከል ለሚያልፍ መንገደኛ የፌዴራል ጥበቃ አለ፤ ግን ቅድመ ሁኔታው ከባድ ነው። መሣሪያውን መያዝም መሸከምም በመነሻውም በመድረሻውም ሕጋዊ መሆን አለበት። ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡ በተቆለፈ ሣጥን ትራንክ ውስጥ፣ ጥይቱም ከሹፌሩ እጅ ርቆ ይቀመጣል። ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ የተቆለፈ ሣጥን ግዴታ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ሳጥንና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለችው፣ ቁልፍ ቢኖራቸውም፣ አይቆጠሩም። ዲሲ ውስጥ ክትፎ ለመብላት ጎራ ያለ ሰው «እያለፍኩ ነው» ማለቱ ላይሠራለት ይችላል። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ላይ ውድሮው ዊልሰን ድልድይን የሚሻገር ሹፌር እንኳ ለአጭር ርቀት በዲሲ ወሰን ውስጥ ያልፋል። ኡበር ለሚነዱ ደግሞ ድርጅቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ሹፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይዙ ስለሚከለክል፣ በግዛቱ ሕጋዊ የሆነውም ከሥራ ሊያሳግድ ይችላል።

አሁን ወደ እኛው ልማድ። አንዱ ለወራት አገር ቤት ሲሄድ «ይህችን አደራ አስቀምጥልኝ» ብሎ ለዘመድ ይሰጣል። ዘመድየው ዲሲ ከሆነ ያልተመዘገበ መሣሪያ ያዘ። ሜሪላንድ ከሆነ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ተረከበ ሊባል ይችላል። ወረቀቱ ያላለቀ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ውስጥ ገባ፤ ሰጪውም የተቀባዩን ሁኔታ እያወቀ ከሰጠ አብሮት ይጠየቃል። ቤዝመንት ለሚጋሩ ሰዎችም ያው ነው። ሳሎን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥ እዚያ መኖሩን ለሚያውቅና ሊያነሳው ለሚችል ሁሉ «የእሱም ነው» ሊባል ይችላል። መፍትሔው ብረት ካዝና ገዝቶ ቁልፉን ወይም ቁጥሩን ባለቤቱ ብቻ መያዝ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ግዴታ መሆን አለበት እላለሁ፣ ሕጉ ያዘዘም ያላዘዘም።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደግሞ፣ የአገር ውስጥ በረራ ከሆነ፣ ሽጉጥ ባዶውን፣ በጠንካራ የተቆለፈ ሣጥን፣ በሚጫን ሻንጣ ብቻ፣ ቲኬት ክፍሉ ላይ አስመዝግቦ ይሄዳል፤ ቁልፉ ከመንገደኛው ጋር ይቀራል። በ2023 የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች 6,737 መሣሪያ በእጅ ሻንጣ አግኝተዋል፣ 93 በመቶው ጥይት የጎረሰ ነበር። የአስተዳደር ቅጣቱ ብቻ ከ10 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በደለስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ግን ጭራሽ አያስበው። ከአሜሪካ ማውጣት የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ከልክላለች። ለተኩስ ልምምድ የሚያዝን ቦርሳ ለጉዞ አይጠቀሙበት፤ የጎን ኪሱ ውስጥ የተረሳች ጥይት ቦሌ ላይ ብዙ ታስጠይቃለች።

ፖሊስ ካስቆመ እጅ መሪው ላይ ይሁን፣ ወደ ሣጥኑ እጅ አይላክ። መኪናው ይፈተሽ ሲባል በትሕትና «አልፈቅድም» ማለት መብት ነው። ክስ ከመጣ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለት በፊት ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ ይታይ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው የመባረር አደጋውን መንገር እንዳለበት ወስኗል፤ ስለዚህ ጠበቃውን በቀጥታ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ሜሪላንድ ላይ «ፒቢጄ» (ፍርድ ሳይመዘገብ በአመክሮ መለቀቅ) እየተባለ የሚቀርበው ስምምነት በግዛቱ ሕግ ጥፋተኝነት ባይባልም፣ ጥፋትን አምኖ የተወሰደ ከሆነ ኢሚግሬሽን እንደ ፍርድ ሊቆጥረው ይችላል። ዳኛው ፊት ከመቆም በፊት የሚጠየቀው ይኸው ነው።