ቁርስ ላይ ልክ የነበረው ስልክ

በሰሜን አይስላንድ፣ አኩሬይሪ ወደብ። 16፡30 ሲሆን በመርከቡ መውጫ ድልድይ ላይ ባለው ኮምፒውተር ሁለት ስም ቀርቷል። (እዚህ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው።) መንገደኛ የሚወርደውም የሚመለሰውም የካቢን ካርዱን እያስነበበ ስለሆነ ማን ውጭ እንዳለ ቆጠራ አያስፈልግም፤ ማሽኑ ፎቶውን ጭምር ያሳያል። የመመለሻው ሰዓት 16፡30፣ መነሻው 17፡00 ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በሁሉም የክሩዝ መርከብ ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ ተጠራ። አንድ ሠራተኛ ካቢናቸውን አንኳኳ፤ ካርዱ ሳይነበብ ሾልኮ የገባና አልጋው ላይ የተኛ ሰው አንዳንዴ አይጠፋም። ካቢኑ ባዶ ነው። ያኔ የጥበቃ ኃላፊው ምስክር ይዞ ካዝናውን ከፈተ፤ ብቻውን አይከፍትም። ሁለቱ ፓስፖርቶችና ጠረጴዛው ላይ የነበረው መድኃኒት በፖስታ ታሽገው ለወደብ ወኪሉ፣ ማለትም የመርከቡን ጉዳይ በወደቡ ለሚያስፈጽመው ሰው፣ ተሰጡ፤ ተፈራርመው ተረካከቡ። 16፡50 ላይ ድልድዩ ተነሣ።

ባልና ሚስቱ ወደቡ የደረሱት 17፡06 ላይ ነው፤ ሳይቸኩሉ፣ እየተጨዋወቱ። ስልካቸው 16፡06 ይላል። በእነሱ ቤት ገና 24 ደቂቃ ተርፏቸዋል።

መርከቡ ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ኪርክዎል ላይ አንድ ቀን ውሎ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ አሳልፎ ነው አይስላንድ የገባው። አይስላንድ በጋም ክረምትም ሰዓቷን አትነካም፤ ዓመቱን ሙሉ በግሪኒች ሰዓት ነው የምትኖረው። እንግሊዝ ግን በበጋ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። ካፒቴኑ ሁለት የአይስላንድ ወደብ ብቻ ስላለው የእንግሊዝን ሰዓት ሳይለውጥ ቀጠለ፤ ይህ የተለመደ ነው።

ባሕር ላይ የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ በሳተላይት ስለሚሠራ ክፍያው ይከብዳል። ስለዚህ ጠንቃቃ መንገደኛ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያደርጋል። እነሱም እንደዚያው አደረጉ፤ ስልኩም የእንግሊዝን ሰዓት እንደያዘ ቆየ፤ ቁርስ ላይ ከመርከቡ ሰዓት ጋር አንድ ነበር። ከመርከብ ወርደው ካርታ ለማየት ሲከፍቱት የአይስላንድን ኔትወርክ ያዘና ራሱን አንድ ሰዓት ወደኋላ መለሰ። ድምፅ አያሰማ፣ መልእክት አይልክ። ጠዋት ልክ መሆኑን ያዩት ስልክ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አመኑት። ከጎዳፎስ ፏፏቴ በኪራይ መኪና ሲነሡ ስልኩ 15፡20 ይላል፤ በመርከቡ ሰዓት ግን ለመመለሻው የቀራቸው 10 ደቂቃ ነው። መንገዱ በ7.4 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ በኩልም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ፀሐይም አታግዝም። አኩሬይሪ ከአርክቲክ ክበብ በታች ጥቂት ብቻ ነው የምትርቀው፤ በሰኔ ሌሊቱ አይጨልምም፣ ከሰዓት በኋላው እንደ ቀትር ያበራል። «እየመሸ ነው» የሚል ስሜት የሚሰጥ ነገር የለም።

የሰዓቱ ጉዳይ ሳይነገር ቀርቶ አይደለም። በባሕሩ ቀን 14፡00 ላይ በቲያትር አዳራሹ ስለ ወደቡ ማብራሪያ ተሰጥቷል። ችግሩ ከኦርክኒ እስከ አይስላንድ ያለው ባሕር ነው። የመርከቡ የጎን ክንፎች ግራና ቀኝ መንገዋለሉን ይቀንሳሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ግን ብዙም አይረዱም። ስለዚህ ሆድ ሲረበሽ ሰው የባሕር ሕመም ክኒን ይውጣል፤ ያውም ዘግይቶ፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረው በኋላ። የቆዩት የክኒን ዓይነቶች ደግሞ እንቅልፍ ያመጣሉ። ከምሳ በኋላ፣ ክኒን ተውጦ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የመርከቡ ወለል ላይ መጋደም፦ የባሕር ቀን ደስታው ይኸው ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ማብራሪያውን ግን እንቅልፍ በላው። በየካቢኑ የሚታደለው የቀኑ ወረቀት ላይም «ሁሉም በመርከቡ ሰዓት» የሚለው ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ነበር።

መርከቡ ስድስት ደቂቃ መጠበቅ አይችልም ነበር? ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ስድስት ደቂቃ መሆኑን አያውቅም፤ ሦስት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። መርከቡን ከወደብ የሚያወጣው ፓይለት የታዘዘው ለ17፡00 ነው። ነዳጁም አለ፦ ለ14 ሰዓት የታሰበው መንገድ፣ አንድ ሰዓት ከጠፋ፣ በ13 ሰዓት ማለቅ አለበት፤ ለዚህም ፍጥነቱ 8 በመቶ ያህል መጨመር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ የጨመረው በጥቂቱ ቢሆንም ሞተሩ የሚጠየቀው ኃይል ሩብ ያህል ይጨምራል። የራሱን የመርከቡን ጉብኝት ይዞ የዘገየ አውቶቡስ ግን ይጠበቃል፤ አስጎብኚው በስልክ ስለሚገኝ የት እንደደረሰ ይታወቃል፣ ኃላፊነቱም የመርከቡ ነው። በራሱ መኪና የሄደ ሰው ይህ የለውም።

ወኪሉ ፖስታውን ሰጣቸው፤ ሆቴልና ጉዞ አመቻቸላቸው፤ ሂሳቡ ግን የራሳቸው ነው። ቀጣዩ ወደብ ኢሳፊዮርዱር በካርታ ቅርብ ይመስላል፤ በመኪና ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በአውሮፕላንም በሬይክያቪክ ዞሮ ነው። መድኃኒቱ ፖስታው ውስጥ ባይገባ ኖሮ ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ከመርከብ ሲወርዱ የአንድ ቀን መድኃኒት ኪስ ውስጥ ይሁን፤ የወኪሉ ስልክ ያለበት የቀኑ ወረቀትም ፎቶ ይነሣ።

ከዚያ በኋላ በመርከቡ ላይ የተለወጡት ነገሮች ርካሽ ናቸው። መውጫው ላይ ካለው ሰሌዳ አጠገብ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰቀለ። ሰሌዳው ላይ «16፡30 በመርከቡ፣ 15፡30 በከተማው» ተብሎ ይጻፋል። የወደቡ ማብራሪያ ከ14፡00 ወደ 10፡00 ተዛወረ። በጣም የሠራው ግን የጥበቃው ጥያቄ ነው፤ መንገደኛው ካርዱን ሲያስነብብ «ስልክዎ ስንት ሰዓት ይላል?» ይለዋል። ስልኩን ገና ያልከፈተው «ልክ ነው» ብሎ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ጥበቃው «ሲከፍቱት አንድ ሰዓት ወደኋላ ይሄዳል» ብሎ ይጨምርበታል። የሰዓቱን ራስ-ሰር ማስተካከያ ማጥፋትም ይቻላል፤ ተራ የእጅ ሰዓት ግን ይቀላል።

ከሁለት ወደብ በላይ በአንድ አገር የሚቆም መርከብ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በባሕሩ ሌሊት ሰዓቱን ራሱ ቢለውጥ ይሻላል። ወደ ኖርዌይ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል፦ የኖርዌይ የበጋ ሰዓት ከእንግሊዝ አንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ በስልኩ የተታለለ ሰው ቀድሞ መጥቶ መርከቡ ላይ ሻይ ይጠጣል። ሰዎችን ባሕር ዳር የሚያስቀረው ወደ ምዕራብ ያለው ጉዞ ነው። መርከቡ መሐል ላይ መልሕቅ ጥሎ በትንንሽ ጀልባ በሚያወርድባቸው ወደቦች ደግሞ የሚቆጠረው የመጨረሻው ጀልባ የሚነሣበት ሰዓት ነው፤ መጨረሻ ላይ ወረፋው ስለሚረዝም ከእሱም በፊት ባለው ጀልባ መመለስ ይመረጣል።