የአውሮፕላን የእጅ ሬዲዮ፦ መግዛት ሌላ፣ መናገር ሌላ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የአውሮፕላን የእጅ ሬዲዮ (አብራሪዎች በሚነጋገሩበት ሞገድ የሚያሰራጭ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ) ሊገዛ ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። መቅደም ያለበት ግን «ከየት ሆኜ፣ ከማን ጋር ልነጋገርበት ነው?» የሚለው ነው፤ የፈቃዱ ዓይነት የሚለየው በዚያ ነውና።

ፈቃዱ ሦስት ነገር ይመለከታል፦ መሣሪያውን፣ ጣቢያውን (ሬዲዮው የሚሠራበትን አውሮፕላን ወይም የምድር ቦታ) እና ተናጋሪውን። አንዱ በሌላው አይተካም። የበረራ ፈቃድ ስላለኝ ከሜዳም ከመኪናም ላይ መናገር እችላለሁ ማለት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 30 እንደሚለው፣ አውሮፕላን ማሰራጫ ሬዲዮ የሚይዘው በተመዘገበበት አገር ፈቃድ ነው፤ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ደግሞ የዚያን አገር ደንብ ይከተላል፤ የሚናገርበትም ፈቃድ ያለው የበረራ ቡድን አባል ብቻ ነው። ያው ሬዲዮ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ከመሬት ሲነገርበት የምድር ጣቢያ ይሆናል፤ የአውሮፕላኑ ፈቃድ አይሸፍነውም።

ከአሜሪካ ገጾች ብቻ ያነበቡ ሰዎች «ፈቃድ ቀርቷል» ሲሉ ይሰማል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 የቀረው በአገር ውስጥ ብቻ ለሚበሩ አውሮፕላኖች የሚሰጠው የጣቢያ ፈቃድ ነው። ከመሬት ለመናገር እዚያም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለእኛ ደግሞ የአሜሪካ ደንብ አይሠራልንም።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የበረራው ጉዳይ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ከመግዛት በፊት ሁለቱንም መጠየቅ ይሻላል፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ወረቀት መፈለግ ከባድ ነው። ስትጠይቁ የሬዲዮውን ሞዴል፣ የፍሪኩዌንሲውን ክልል (ለንግግር ከ118 እስከ 136.975 ሜጋኸርዝ)፣ የምትናገሩበትን ቦታና ምክንያቱን ጻፉ። ኃይሉን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፦ ሳጥኑ ላይ 5 ወይም 6 ዋት የሚለው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ኃይል ነው፤ የተሸካሚው ሞገድ (ድምፁን የሚሸከመው መሠረታዊ ሞገድ) ኃይል ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 1.8 ዋት ነው። የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ግለጹ።

ጥንቃቄው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የአቪዬሽን ንግግር በኤኤም (የሞገዱን ጥንካሬ በመለዋወጥ ድምፅ በሚያስተላልፍ ዘዴ) ስለሚተላለፍ ሁለት ሰዎች እኩል ሲናገሩ አብራሪው የሚሰማው ፉጨት ነው። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ድምፅ በምድር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድም፣ ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ሊሰማው ይችላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጮቄ ተራራ ጫፍ ሲሆን ደግሞ በባሕር ዳር የሚያርፈውን ብቻ ሳይሆን በሰማያችን የሚያልፈውንም ይረብሻል።

ክፉው ነገር ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ የቀረ የመናገሪያ ቁልፍ ነው፤ ባትሪው እስኪያልቅ ፍሪኩዌንሲውን ይዘጋል። በብዙ ሞዴሎች የቁልፍ መቆለፊያው የመናገሪያውን ቁልፍ አይቆልፍም። ስለዚህ የማሰራጫ ጊዜ ገደቡን (ስርጭቱ ሲረዝም ራሱ የሚያቋርጠውን) አብሩት፤ ስትጓዙም ባትሪውን ንቀሉ።

121.5 ሜጋኸርዝ የአደጋ ጥሪ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ አይሞከርበትም። ሳተላይቶች ይህን ፍሪኩዌንሲ ማዳመጥ ያቆሙት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ነው፤ አውሮፕላኖችና የምድር ጣቢያዎች ግን አሁንም ያዳምጡታል። ሬዲዮውን መፈተሽ የሚፈልግ ባለፈቃድ በተፈቀደለት ፍሪኩዌንሲ፣ መስመሩ ጸጥ ሲል፣ የጥሪ ስሙን ተናግሮ በአጭሩ ይጠይቅ።