ዋናውን ማን አስቀመጠው?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ሲባባ ዋለ። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። እሑድ ነው፣ ደመና ነው፣ ልጆቹም አባታቸው ጋ ናቸው። አንዲት ጓደኛዬ «ተነሺ ወጣ እንበል» ብላ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችኝ። እሷ ስኒ ፍለጋ ገባች፤ እኔ አንድ የሄርሺ (የአሜሪካኑ ቸኮሌት) ቆርቆሮ ፊት ተገትሬ ቀረሁ።

ሲያዩት የድሮ ነው። ቀለሙም፣ ፊደሉም። ገልበጥ ሳደርገው ግን የጥንቱ መለያ ቅጂ እንደሆነ ከታች በደቃቁ ተጽፏል። ባይጻፍበትም ባርኮዱ ያሳብቅበታል። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ኦሃዮ ውስጥ፣ ያውም አንድ ፓኬት የሪግሊ ማስቲካ ላይ። አድራሻው ዚፕ ኮድ (የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአካባቢ ቁጥር) ካለው ደግሞ ከ1963 ወዲህ የተሠራ ነው። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት እንዲህ ያለውን ነው።

ቅጂ መሆኑ ቅር አላለኝም። ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ የገባው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ስኳር እርጥበት ይስባል፣ ከረሜላው እርስ በርሱ ይጣበቃል። አሜሪካ፣ ታኮማ ከተማ ያሉት ከረሜላ ሠሪዎች ብራውን እና ሄይሊ አልመንድ ሮካ የሚባለውን ከረሜላቸውን በ1927 ቆርቆሮ ውስጥ ማሸግ የጀመሩት ሳይበላሽ ሩቅ እንዲደርስ ብለው ነው። ከረሜላው ተበልቶ ያልቃል፣ ቆርቆሮው ይቀራል፣ ሰው ይወደዋል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ኩባንያው ራሱ እንደገና ያሳትመዋል።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሄደው። ቅጂ የሚሠራው እኮ ዋናውን ያስቀመጠ ሰው ሲኖር ነው። ሚልተን ሄርሺ ፋብሪካውን በ1905 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጨረሰ፤ ዛሬ በስሙ የምትጠራው ከተማ ታሪኩን የሚያሳይ ሙዚየም አላት። የኛስ? የደስታ ከረሜላ ሽፋን የት አለ? ባለሱቁ ሳንቲም ሲያጣ በመልስ ፋንታ የሚሰጠን ከረሜላ! ልጠን አፋችን ውስጥ እንከተውና ሽፋኑን እዚያው መንገድ ላይ እንጥለው ነበር። ሁላችንም።

ቆርቆሮ ግን አንጥልም ነበር፣ ይሄንን ደግሞ መናገር አለብኝ። የወተት ዱቄት ጣሳ እህል ይሰፈርበታል። ትንሹ ኩራዝ ይሆናል። ሲበሳ ቆራሌው ይወስደውና ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም የዕጣን ማጨሻ ሆኖ ይመለሳል። ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን የሚያመጡት ማኪንቶሽ (ስሙ ኳሊቲ ስትሪት ነው፣ እዚያ ግን ሁሉም ማኪንቶሽ ነው የሚለው) ከረሜላው በሳምንት ያልቅና ቆርቆሮው ዕድሜ ልክ ይኖራል። እማዬ የቤቱን ካርታና የሁላችንንም የልደት ካርድ የምታስቀምጠው እዚያ ውስጥ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል በእጅ ብዛት ለቋል። ሰብሳቢ ቢያየው ዋጋ የለውም ይላል። እኔ ግን ከዚያ ሱቅ መደርደሪያ ሁሉ እሱን ነው የምመርጠው።

እንዲህ ስል ደግሞ ይከፋኛል። ዕቃችን እስኪያልቅ ስላገለገለን አንድም አልተረፈልንም። ያንን የከረሜላ ሽፋን የሣለ ሰው ነበረ። ያተመው ማተሚያ ቤት ነበረ። ናሙናው አንድ መሳቢያ ውስጥ ይኖር ይሆን? ጠይቆ የሚያውቅ ሰውስ አለ?

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። የሽፋኑን ቀለም ታስታውሳለህ ወይ ብዬ። እኔ ቀይ ነው እላለሁ፣ እሱ አረንጓዴ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ የቱ ነበር?