በአባቴ ትከሻ ላይ የተማርኩት ማሳጅ

አባቴ ሸማኔ ናቸው። በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ከከተሙ ወዲህ ሌላ ሥራ ሠርተው አያውቁም። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ አንገታቸውን ድሩ ላይ ደፍተው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ማታ ራት ሲቀርብ ቀኝ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተስቦ ነው የሚቀመጡት። ምን ሆኑ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ብርድ ነው።"

ሁለት ጊዜ ወጌሻ ጋ ሄደው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ቅቤ ቅቤ እየሸተቱ መጡ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ክንዳቸውን ከፍ ማድረግ አቃታቸው። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ በሥዕል የተደገፈ የማሳጅ መማሪያ አየሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል። እጅ የት እንደሚያርፍና በየት በኩል እንደሚሄድ ግን ገጽ በገጽ በቀስት ያሳያል። ይህን ይዤማ አባባን እኔው አሻቸዋለሁ ብዬ ገዛሁት።

ስህተቴ የጀመረው ከሥዕሉ በመጀመሬ ነው። ፊት ላይ ያሉትን ጽሑፍ ብቻ የሆኑ ገጾች ዘልዬ፣ በአውራ ጣት የጡንቻ ቋጠሮ መፍታት የሚለው ጋ ደረስኩ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውና ትከሻቸው ከሚገናኝበት ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘሁና በሁለት አውራ ጣቴ ባለኝ ኃይል ተጫንኩት። "አመመዎት?" አልኳቸው። "ደህና ነው ልጄ፣ በርቺ" አሉ። እኔም በረታሁ። በማግስቱ ያ ቦታ በልዞ ነበር፤ እሳቸውም ከጉድጓዱ ሳይገቡ ዋሉ። የእኔም አውራ ጣት አብጦ ለቀናት እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ።

ያን ዕለት ማታ ነው የዘለልኳቸውን ገጾች መዝገበ ቃላት ይዤ ያነበብኳቸው። የሚያወሩት ስለ ማሸት ሳይሆን ስላለማሸት ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው፣ የቆሰለ ወይም የመገለ ቆዳን፣ የተሰበረ አጥንትን አትንኩ ይላሉ። እጁን የሚደነዝዘው ወይም ጉልበት የሚያጣው ሰው ቅድሚያ ሐኪም ይየው ይላሉ። አባባን እጅዎን ይደነዝዝዎታል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ስጠይቃቸው፣ "አንዳንዴ ጣቴን ውርር ያደርገኛል" አሉኝ። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ሐኪም ቤት ሄድን። ግፊታቸውና ስኳራቸው ተለካ፣ አንገታቸው ራጅ ተነሳ፤ የአንገታቸው መገጣጠሚያ በዕድሜ ብዛት መበላቱ ተነገረንና ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላክን። እዚያ ያገኘናት ባለሙያ መጽሐፌን ተቀብላ አገላበጠችው። ሦስት ነገር ከለከለችኝ፤ አንገት መጠምዘዝን፣ የአከርካሪውን አጥንት ራሱን መጫንን፣ የደም ሥር ሲመታ የሚሰማበትን የአንገት ጎን መንካትን። የቀረውን በቀስታ ቀጥይበት አለችኝ። ያቺን ቀን አልረሳትም፤ መጽሐፉን ከእጄ አልነጠቀችኝም፣ እንዲሁም አልለቀቀችኝም።

መጽሐፉ አምስት ዓይነት አስተሻሸት ያስተምራል፤ ማንሸራተት፣ ማሸት፣ መፈተግ፣ መታ መታ ማድረግና ማንቀጥቀጥ። የስዊድን ማሳጅ ይባል እንጂ ስሞቹ ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ስሞቹን በማውጣት የሚጠቀሰውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ዮሃን ጌኦርግ ሜዝገር የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም ነው። ለሁለተኛው የሰጡት ስም "ፔትሪሳዥ" ነው። መዝገበ ቃላት ሳይ ሊጥ ከማሸት የመጣ ቃል ሆኖ አገኘሁት። እኛም እኮ ሰውንም ሊጥንም "አሸ" ነው የምንለው! ሥዕሉ ላይ ለሳምንታት ያፈጠጥኩበት ነገር ቤቴ ውስጥ ነበር።

እማዬ ለበዓል የድፎ ዳቦ ሊጥ ስታሽ አጠገቧ ቆሜ እጇን ብቻ አየሁ። ጣቶቿ ምንም አይሠሩም። ሊጡን በመዳፏ ሥር ትገፋዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ በሩብ ታዞረዋለች፣ ደግሞ ትገፋዋለች። ክንዷ ቀጥ ብሏል፤ የሚወዛወዘው ወገቧ ነው። እኔ ልሞክር ብዬ ስጀምር ወዲያው ጣቶቼ ሊጡን ቆነጠጡት። "በጣትሽ ከሆነ አሁን ይደክምሻል" አለችኝ። "ዘንበል በይበት። ክብደትሽን ስጪው። እምቢ ሲልሽ ደግሞ ሸፍኚውና ተይው፤ ቆይተሽ ስትመለሺ ይለሰልሳል።" እናቴ ማሳጅ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የዚህን ያህል የጠቀመኝ አንድም ገጽ የለም። ያበጠውን አውራ ጣቴን ያዳነው፣ የአባባንም ትከሻ ከእኔ ያዳነው ይህ ምክር ነው።

ከዚያ በኋላ የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን ተዋስኩና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በመዳፌ ተለማመድኩበት። "በቀስታ" ብዬ ስጫን 9 ኪሎ ይላል። እጄ ቀላል የሚለው ለበለዘ ትከሻ ከባድ ነበር። ሳላይ 3 ኪሎ ላይ መቆም እስክችል ድረስ ማታ ማታ ሠራሁበት።

ሌላው ችግር መጽሐፉ ጨርሶ ያላሰበው ነው። ሥዕሎቹ ላይ የሚታሸው ሰው ልብሱን አውልቆ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ነው። አባባ በልጃቸው ፊት ሸሚዛቸውን አያወልቁም፤ እኔም አውልቁ ብዬ አላስቸግራቸውም። በሆዳቸው ሲተኙም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ወንበር ገልብጠው፣ መደገፊያውን አቅፈው፣ ግንባራቸውን ጠረጴዛ ላይ ካለው ትራስ ላይ ያሳርፋሉ። ሸሚዛቸው ላይ ራሳቸው የሠሩትን ነጠላ ጣል አደርጋለሁ። በጨርቅ ላይ እጅ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ የዘይቱን ምዕራፍ በሙሉ ትቼ መጫንና መያዝን ብቻ ተማርኩ። መዳፌን አሳርፋለሁ፣ በትንፋሻቸው መውጣት ቀስ ብዬ እደገፋለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። መጀመሪያ ይህ የድሃ ማሳጅ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ዘይት ቢኖርም አልመርጠውም፤ እጅ ሳይሮጥ ሲቀር ከሥሩ ያለውን ይሰማል።

የትከሻ አጥንታቸውን ላይኛ የውስጥ ጥግ በጣቴ ፈልጌ ያገኘሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከዚያ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይኞቹ አራት የአንገት አጥንቶች የሚሄድ ጡንቻ አለ፤ "ሌቫተር ስካፑላ" ይሉታል፣ ትከሻን ወደ ላይ የሚያነሳ ማለት ነው። ጠጠር የመሰለኝ ነገር የእሱ ጫፍ ነበር። የአባባን ትከሻ ወደ ጆሯቸው ሲጎትት የኖረው እሱ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ድር ላይ ሲያቀረቅሩ ከኋላ ሆኖ የሚይዘውም ከሌሎቹ የአንገት ጡንቻዎች ጋር ይኸው ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ልሰብረው የምታገለው ቋጠሮ ሳይሆን ሲሸከም ውሎ የደከመ ነገር ሆኖ ነው የሚሰማኝ፤ እጄም በዚያው ልክ ተለወጠ።

በጣም የከበደኝ ግን ሕመማቸውን ማወቅ ነው። መጽሐፉ "ከ10 ስንት ያህል ያምሃል ብለህ ጠይቅ" ይላል። አባባን ብትጠይቋቸው መልሳቸው "ተመስገን" ነው። ካላመመ አይድንም በሚል ያደጉ ሰው ናቸው፤ ወጌሻ ፊት መጮህ ነውር ነው። ስለዚህ አፋቸውን ትቼ ሌላውን ማየት ያዝኩ። ሲበዛባቸው ትንፋሻቸው ይቆማል፣ የእግር ጣቶቻቸው ይታጠፋሉ፣ ወንበሩን ጠበቅ ያደርጋሉ። ሲመቻቸው ደግሞ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ መንጋጋቸው ይላላል። የተጨነቀ ጡንቻ ራሱን ለመከላከል ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሕመም ጥሩ ምልክት ነው የሚለውን አባባል ከቤታችን ለማውጣት ወራት ወሰደብኝ። አንድ ማታ በራሳቸው አፍ "እዚያ ጋ ቀለል አድርጊው" ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

ወሬው ሰፈር ሲዳረስ ሌሎችም መጡ። ቀዶ ሕክምና አድርገው ለቀናት አልጋ ላይ የቆዩ ጎረቤታችን "እግሬን አሺልኝ፣ ባቴን ይዞኛል" አሉኝ። ቀሚሳቸውን ከፍ ሲያደርጉ የግራ ባታቸው ከቀኙ ወፍሯል፤ ስነካው ይሞቃል። እነዚያ የዘለልኳቸው ገጾች ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ባንድ ወገን ብቻ ያበጠና የሚሞቅ ባት ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል፣ ሲታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አላሽም ስላቸው ቅር አላቸው። ታክሲ ጠርተን በዚያው ሰዓት ወሰድናቸው፤ ደም ረግቶ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከማሻቸው ሰዎች ይልቅ እምቢ ያልኳቸውን ሳስብ ነው ተምሬያለሁ የምለው።

መጽሐፉን ሁሉ አላመንኩም። ማሳጅ ከሰውነት መርዝ ያወጣል የሚል ምዕራፍ አለው፤ ባለሙያዋን ስጠይቃት ለዚህ ማስረጃ የለም አለችኝ፣ መርዝ የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። እኔም በአባባ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። አንድ ሁለት ቀን ይቀላቸዋል፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ ጉድጓዱ ውስጥ ነዋ። ስለዚህ መቀመጫቸውን በወፍራም ትራስ ከፍ አደረግነው፤ አንገታቸው እምብዛም እንዳይደፋ። ቡና በተፈላ ቁጥር ደግሞ ወጥተው ግቢውን ይዞራሉ። እንዲህ ካደረግን ወዲህ ትከሻቸው መውረዱን ከእኔ በፊት ያየችው እማዬ ናት።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንበሩን ራሳቸው ይገለብጡታል። የድሮዋ ነጠላ ትከሻው ላይ ሳሳችና አንድ ቀን ልትቀደድ ሆነች። አባባ ምንም ሳይሉኝ ሌላ ሠሩ፤ ጥለት የለውም፣ አጭር ነው፣ ለመልበስ አይሆንም። "ጥለቱ እጅሽን እንዳይቆረቁረው ብዬ ነው" አሉና አጥፈው መጽሐፉ ላይ አስቀመጡት።